ሻሽ ለሜዱሳ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀለም በጠበጥኩኝ፣
ከአጂፕ እስከ ሂርማታ የሰው ስም ሰቀልኩኝ።
ስም ያመጡልኛል በወረቀት ቁራጭ፣
አንዱ ከጫማ ሳጥን፣ አንዱ ከስልክ ቀድቶ፤
ፊደሉን እኔ እመርጣለሁ፣
ትርጉሙን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም ከቶ።

ፈረንጅ አራዳ፣ አባቴ እንዳወራኝ፣ አንድ ግሪክ ነበረ፣
ሚስማርና ሰርዲን በአንድ ሚዛን የሚሸጥ።
አብዮቱ ሲመጣ ዘግቶ አገሩ ገባ።
አማልክቱ ግን ተመልሰው መጡ፣
ቻይና ተሰፍተው፣ በዱባይ ዞረው፣
በቦንዳ ታስረው።

ሻፊ ጫማ ሰፊው፣ ከመናኸሪያው አጥር ሥር፣
"ናይኪ ብለህ ጻፍ" አለኝ።
ጻፍኩ። ያቺንም የክንፍ ስባሪ
በተረፈኝ ቀይ ሳብኳት።
የድል እመቤት ነበረች አሉ፣ በጥንት፣ በዚያ አገር።
ሻፊ የሚያውቀው ድል
የተቀደደ ሶል ክረምቱን ሲሻገር።

አትላስን በአይሱዙ ግንባር ላይ ጽፌዋለሁ።
"ተቀጥቶ ነው" አለኝ መምህር ይርዳው፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ፣
"ሰማይን በትከሻው፣ ለዘላለም።"
ሳቅኩ።
ከመኪናው ጎን አባ ዱራ ያልፋል፣
ስድስት ፈረሱላ ቡና ጀርባው ላይ ተጭኖ፤
ሰሌዳ የለው፣ ስሙን የጻፈለት የለ፣
የሱ ሰማይ በጆንያ ነው።

ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ራውዳ መጣች፣
የሰልባጅ ሱቅ ልትከፍት፣
አንድ ሸሚዝ ይዛ፣ ቁልፉ ላይ የሴት ፊት።
"ይቺን ሳላት፤ ሱቁንም በስሟ።"
ጠጋ ብዬ አየሁ። ጸጉሯ እባብ።
"ማናት?"
"እኔ እንጃ። እሷ ያለችበት ቶሎ ይሸጣል።"

መምህር ይርዳውን ከበረንዳው ጠራነው።
መነጽሩን ጠረገ፣ አየ፣ ዘገየ።
"ሜዱሳ። ቆንጆ ነበረች።
አንድ አምላክ መቅደስ ውስጥ ደፈራት።
የመቅደሱ እመቤት እሱን ተወችና
እሷን ቀጣች፣ ጸጉሯን እባብ አደረገች።
ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ያየ ሁሉ ድንጋይ።"

ራውዳ ቁልፉን በአውራ ጣቷ አሸች፣ አሸች።
"እኛም ሰፈር ነበረች" አለች፣ "አጋሮ።
እሱ አሁንም ሱቅ አለው።
አገር የለቀቀችው እሷ ናት።"
ከዚያ፣ ሂሳብ እንደምታወራ ሁሉ፣
"ሳላት፤ ግን ሻሽ አልብስልኝ።
እባቦቹም ይረፉ።"

ሳልኳት። ሰማያዊ ሻሽ፣ አገጯ ሥር የተቋጠረ።
"ዘመድሽ ናት?" ይላታል መንገደኛ።
"አክስቴ ናት፣ በአባቴ በኩል።"
ስሙም ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለል ጠርዙ ተበላና
ሜዱሳ መዱሴ ሆነች፤
ባጃጅ ውስጥ "መዱሴ ጋ ወራጅ!" ይባላል።

ሦስት ክረምት አለፈ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣
ቆርቆሮ ላይ ቂም ይዞ የሚመጣ።
ሰማያዊዬም፣ ልናዘዝ፣ ከርካሹ ነበር።
ሻሹ ተላጠ።
አንድ ጠዋት ከግንባሯ በላይ የእባብ ራስ ወጣ፣
በሳምንቱ ሌላ።

መሰላሌን ተሸክሜ ሄድኩ፣ በነጻ ላድስላት።
በሩ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ቆሟል፣
የሰሌዳ ክፍያ ሊቆርጥ፣ ደረሰኙን ይዞ፣
ወደ ላይ አንጋጦ፣
እስክሪብቶው እንደተከፈተ፣ አፉም እንደዚያው፤
ዝንብ እንኳ ጉንጩ ላይ አርፋ አላነቃነቀችው።

ራውዳ ከውስጥ ሆና በአገጯ አሳየችኝ፤
ብሩሼን ከእጄ ወሰደች፣ ጋዝ ውስጥ ነከረችው።
"ተዋቸው ተማም" አለች፣
"ትንሽ አየር ይሳቡ።"