ውስጡን ለቄስ

ከማጄላን ሰርጥ የመጣ፣ ጨው የጫነ ነፋስ
የፑንታ አሬናስን ሃንጋር፣ ሌሊቱን ሲዳስስ፣
አንድ አሮጌ አውሮፕላን፣ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል፤
ሠላሳ ስምንት ክረምት፣ ከደሴት ደሴት ተመላልሷል።
ቀለሙ የአምና ነው፤ ሽበት አይታይበት፤
ላዩን ላየው መንገደኛ፣ ገና አፍላ ወጣት።

ውስጡን ለቄስ ይባላል፤ እዚህ ግን ቄስ የለም፤
ሚያራይ ናት ያለችው፣ ዓይኗን ሲሞግተው ድካም።

መብራቱን አጠፋች፤
የብልጭታውን ሣጥን፣ ከጎኑ አስጠጋች።
ቦግ አለ። ቆዳው ሞቀ፤
ሙቀቱም በአሉሚኒየሙ ውስጥ፣ መንገዱን ጠየቀ።
ጤነኛው ጋ ሰረገ፣ እንደ ካፊያ በደረቅ ሜዳ፤
አንድ ስፍራ ግን ቆመ፣ በር እንደተዘጋበት እንግዳ።
ስክሪኑ ላይ ቀረች፣ ነጭ፣ የምስር ክክ የምታህል፣
ከአሥራ አራተኛው ሪቬት፣ ዝቅ ብላ በቀኙ በኩል።

ጄል ቀብታ የማይሰማ ድምፅ፣ ሰደደች ለአንድ አፍታ፤
ማሚቶው ግን ተመለሰ፣ ከመንገዱ እኩሌታ።
ማጣበቂያው ተላቋል፤ ጨው ገብቷል ከመሃል፤
ስንት ክረምት እንደሆነው፣ ብረቱ ብቻ ያውቃል።

መዝገቡን ገለጠች፦ «አምና በሳንቲም ተመታ። ደህና።»
ፊርማው አያሻማትም፣ የመምህሯ ነውና።
«ደህናው ጥርት ይላል፣ የታመመው ይታፈናል፤
ማሽን አያስፈልገኝም፣ ጆሮዬ ይበቃኛል»
ይላት የነበረው፣ ዶን ኤሊሴዮ።

ሊነጋጋ ሲል መጣ፣ ማቴውን በፔርሙዝ ይዞ፣
ትከሻው በውርጭ ደንዝዞ።
«እስቲ ይቺን ይምቱልኝ» አለችው።
ሳንቲሙን አወጣ፣ ጠርዙ ያለቀ፤
ጎንበስ አለ፤ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ።
መታ። መታ።
«ደህና ናት» አለ፤ ፊቱ በራ፣ እንደ ልጅ በጨዋታ።

እሷ ግን ሰማችው፤ ድፍን፣
ጭቃ ላይ እንደወደቀ ቁልፍ።

ስክሪኑን አላዞረችለትም።
በማለዳ ወደ ፑርቶ ዊልያምስ የሚሻገሩ
አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፣ ሻንጣቸውን ያሰሩ፤
አንዷ ነፍሰ ጡር።

ቀዩን ማርከር ሰጠችው፤ «ክብ ያድርጉባት» አለች።
ዝም ብሎ አያት። አየችው። ቆየች።
ከዚያ ክቡን አሰመረ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት፤
ስለ አውሮፕላኑ ይሁን ስለ ጆሮው፣ አልጠየቀችም።