ከኖራው ሥር

ከወልድያ ሲመጡ፣ መርሳ መግቢያው ላይ፣
የእህል መጋዘን አለ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ።
ግድግዳው የኔ ነው፤ ባለቤቱስ ሌላ፣
እኔ ነኝ የኖርኩት ፊቱን ስፍቅ፣ ስሞላ።
ይማም ቀለም ቀቢው፣ ቡሩሼ ሦስት ጣት፣
የሱቅ ስም፣ የአይሱዙ ጥቅስ፣ የመቃብር ቀናት፣
አምስት ዓመት ጠብቆ ደግሞ የፓርቲ ምልክት።

መጀመሪያ ማረሻ ነበር። ቀይ ቀለም፣ ሁለት ጣሳ።
ገበሬው አጨበጨበ፤ የመጣው ማዳበሪያ
ዋጋው ከበሬው በልጦ ተነሣ።

ቀጥሎ ፋኖስ መጣ። ቢጫው ከደሴ ተጭኖ፣
እኔ ሌሊት ስስል፣ ከተማው በድን ሆኖ፣
ባትሪ ባፌ ነክሼ ነው የፋኖሱን ነበልባል
ያበራሁት። ይኼ ሳቅ ይባላል?

ከዚያ ቁልፍ፣ ሰማያዊ፣ ጥርሱ አምስት።
የውሃ ጽሕፈት ቤቱ በር ግን ሦስት ዓመት
ተቆልፎ ከረመ፣ ቧንቧው አየር ሲተነፍስ፣
ሴቱ ጀሪካን ይዞ ወንዝ ሲመላለስ።

ምልክት ሲለወጥ ኖራ እለቀልቃለሁ።
ከኖራው ሥር ያለውን ለማንም አልነግር፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ደርበው ምርኩዛቸውን ተክለው፣
ግድግዳውን በመዳፍ መታ መታ አርገው፣
«ይማም፣ ይኼ ግድግዳ ምርጫ በመጣ ቁጥር ወፈረ፤
እኛ ግን ከሳን» አሉኝ። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ሰው የደከመው።
አረቡ፣ ብርቱካን ነጋዴዋ፣ ሳጥኑ ፊት ቆማ
ወረቀቱን ሳትነካው አጥፋ ከተተች፦
«ባዶ ሰጡኝ፣ ባዶ መለስኩ፤ ዕዳ የለብኝማ።»
የአሰን ልጅ፣ መካኒኩ፣ የሦስቱንም ካናቴራ
ለዘይት መጥረጊያ ቀደደና
«እነሱ እንኳ ያዙ ሥራ!»

እንግዲህ ጦይባ እብሬ፣ የቅሬያችን ጸሐፊ፣
ዐሥራ ስምንት ዓመት ያን መዝገብ አቃፊ፣
«በግሌ ልወዳደር ነው» አለችኝ። «ከቦርዱ
የተረፈው ምልክት ወንፊት ነው፤ ሌሎቹ ሄዱ።»
ሳቅሁ። «እህት ዓለም፣ ወንፊት ምን ሊይዝ?»
«ዱቄቱን ለሰው የሚለቅ፣ እብቁን የሚይዝ።»

«ቃልሽስ?» ብላት፣ «ቃል የለኝም» አለች፣
መዝገቧን ገልጣ ያባቴን ቀብር አሳየች፦
ማን ድንኳን ተከለ፣ ከመስጊድም ከደብርም ማን አካፋ ይዞ ዋለ፣
የተረፈችው አንድ ብር ከሃምሳ እንኳ
ለማን እንደተመለሰች አለ።
«የምችለው ይኼን ነው» አለች። «ይኼን መቁጠር።»
ልቤ ወዲያው አልሄደም።
ፋኖሱንም ወድጄው ነበር።

ያን ቀን ኖራ አልገዛሁም። ቢላ ይዤ ፋቅሁ፣
በወንፊቱ ክብ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ አፈለፈልሁ፦
ባንዱ የቁልፉ ሰማያዊ፣ ባንዱ የፋኖሱ ቢጫ፣
ባንዱ ቀይ ማረሻ፤ ብቅ አለ ያ ሁሉ ምርጫ።
ከሁሉም ሥር ጭቃና ጭድ።
ልጆች ጣት እየሰደዱ ቀለሙን ሲቆጥሩ ዋሉ።

ተቆጠረ። በኛ ጣቢያ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት፣
እሷ መራች። በወረዳው ግን ቁልፉ በለጣት።
ጋሽ ደርበው ማለዳ መጥተው ግድግዳውን ነኩት፣
«ትንሽ ከሳ» አሉ። ፊታቸው ይሳቅ አይሳቅ አላየሁት።

በማግስቱ ጦይባ መጣች፣ መዝገቧ ብብቷ ሥር፣
የቀለሜን ቀሪ ስልሳ ብር
ቆጥራ ሰጥታ አስፈረመችኝ። የሦስቱ ፓርቲ ውዝፍ
እስከ ዛሬ አለ፣ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ሲያርፍ።

ወንፊቱ እዚያው ነው። ለሚቀጥለውም ትቆማለች ይላሉ፣
ውርጌሳም ስሪንቃም እንደሷ የሚነሡ አሉ።
ይሁን፣ ይምጡ። እኔ ግን ጓዳዬ፣ ካልጋዬ ሥር፣
ግማሽ ጣሳ ኖራ አለኝ፤
ለሷም ቢሆን፣ የጠፋባት ዕለት ቁጥር።