ሶኬቱ የት ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት እናትነሽ ደወለች፤
«አንሙት፣ ቶሎ ድረስ፤ መኪናዬ መጥታለች።
ባትሪ አላት አሉኝ፤ ምን በልታ ታድራለች?
ቻርጀር ግጠምላት፤ ጦሟን ትውልብኛለች።»

ፒንሳ፣ ቴስተር ይዤ፣ መሰላል ተሸክሜ፣
በባጃጅ ተጣጥፌ፣ ግማሽ ቁጭ ግማሽ ቆሜ፣
ማርቆስን አቋረጥኩ።

እውነቱን ልናገር፤ መንገድ ላይ እያለሁ
ከፖሉ እስከ ቤቷ በልቤ ለክቻለሁ።
ሠላሳ ሜትር ኬብል፣ ያውም መዳብ፣ ወፍራም፤
ቆጣሪ ቅያሬ፣ ብሬከር፣ የእጅ ዋጋዬም አይቀርም።
የልጄ የትምህርት ክፍያ፣ ሁለት ወር የተጓተተ፣
ከዚያ ኬብል ጫፍ ላይ ታስሮ ታየኝ፣ እየተጎተተ።

ብርማ ናት መኪናዋ፣ ግንባሯ ጠበብ ያለ፤
ከዓባይ በረሃ የያዘችው አቧራ ጎማዋ ላይ እንዳለ።
አማቿ ምንይችል ከእኔ ቀድሞ ደርሷል፤
ከባሕር ዳር አንድ ሣጥን ገዝቶ አምጥቷል።
«ቻርጀሩ ይኸውልህ፤ አንተ ስቀለውና
ቀዳዳዋን ፈልግ፤ መቼም አታጣውምና!»

ፈለግሁ።
ከፊት ከአርማዋ ሥር፣ ከኋላ ከሰሌዳው፣
በጣቴ ዳበስኩኝ፤ የታለ ቀዳዳው?
አንዲት ክዳን ብቻ በግራ ጎኗ አለች፤
ከፈትኳት፣ አሸተትኳት፤ ቤንዚን ቤንዚን አለች።

«ታዲያ ስትነሳ ለምን ኮሽ አትልም?
ድመት እንኳ» አለ፣ «እንዲህ አትራመድም!
ወረቀቷ ይኸው፤ ባትሪ የሚል አለበት፤
ሃይብሪድ ነው የሚለው፤ አንብበው፣ ተመልከት።»

ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ፀሐይ የሚሞቁት፣
በልጅነት ዲማ ላይ ቅኔ የዘረፉት
የኔታ ልሳኑ ጆሯቸውን ጣል አርገው
«ምን አልክ አንተ ልጅ? ኅብር ነው ያልከው?»
«ሃይብሪድ ነው፣ የኔታ፤ የፈረንጅ ቃል ነው።»
«የማንም ይሁን። ፍቺው?»
«ሞተርም ባትሪም አላት፣ ሁለቱም ባንድ ገላ።»
«እንግዲያ ኅብር ናት፤ ምን አለና ሌላ?
ሰሙን ከወርቁ ለይተህ ለማየት አትድከም፤
በኅብር አንዱ ቃል ነው ሁለቱን የሚሸከም።»

«አለች እኮ ደግሞ የምትሰካ ኅብር!» አልኩ፤ አልተረታሁም፤
ኬብሉን በልቤ ገና አልጠቀለልኩም።
«ስትመጪ በመንገድ የት ሰክተሽ ሞላሻት?»
«የትም!» አለች፤ «ቤንዚን ነው ፍቼ ላይ የቀዳሁላት።
ግን ቆይ...» አለች፣ ዓይኗ ወደ ሩቅ ሄደና፤
«ጎሃ ጽዮንን አልፌ ቁልቁለቱን ያዝኩና
ፍሬን በያዝኩ ቁጥር፣ በየጠመዝማዛው፣
ባትሪዋ ይሞላል፤ ገርሞኝ ነበር ነገረ ሥራው።
ድልድዩ ጋ ስደርስ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤
ደጀን እስክወጣማ አለቀ፣ እፍኝም ሳይቀር።»

ገባኝ።
ዓባይ ነው ቻርጀሯ።
ያ ሾፌር የሚፈራው፣ ያ ገደል፣ ያ ንዳድ፣
ስትወርደው ያጎርሳታል፣ ያለ ሶኬት፣ ያለ ገመድ።
የተያዘው ፍሬን ነው መብራት የሚሆናት፤
ሌላው ሙቀት አርጎ ለሚበትነው፣ እሷ ጎተራ አላት።

«አያስፈልጋትም» አልኩ።
አፌ ቀለለኝ እንጂ ኪሴን ከበደው።
ምንይችል ሣጥኑን አቀፈው እንደ ታመመ ልጅ፤
«ይመልሱልኝ ይሆን?» ይላል፣ ደረሰኙን ሲፈልግ በአንድ እጅ።
እናትነሽ «ለድካምህ» ብላ ብር ዘረጋችልኝ፤
«ምንም አልሠራሁ» ብላት «ነገርከኝ እኮ!» አለችኝ።

መሸ። «ላድርስህ» ብላኝ ገባሁ፣ መሰላሌ በመስኮት ወጥቶ፤
ሰፈሬ ቁልቁለት ነው፤ መብራትም ሄዷል፣ ጠፍቶ።
በስልክ ብርሃን በር ስትከፍት ልጄ ከሩቅ ታየች፤
እናትነሽ ፍሬን ያዘች፤
ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት አረንጓዴ መስመር ተጨመረች።