ኑ

ፉግሎይ ይሏታል፤ የወፍ ደሴት ማለት ነው።
«የባሕር ፈረስ» የሚሏቸው ግራጫ ወፎች
ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ነፋሱን ብቻ ተደግፈው
መንገዱን ሁሉ ከጎናችን ነበሩ።
ጀልባዋ ስትዘገይ እነሱ አልዘገዩም፣ አለፉ።

እዚህ ጀልባ አይታሰርም።
ረጋ ያለ ወደብ፣ ገመድ የሚይዝ ምሰሶ የለም፤
ዓለት አለ፣ ከዓለቱ የተጠረበ ደረጃ፣
በደረጃው የሚያዳልጥ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት፣
ከላዩ ሁለት ሰዎች፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ሆግኒ፣ ቀይ ጢሙ ጨው የጠጣው መርከበኛ፣
የፖስታውን ከረጢት፣ የዱቄቱን ጆንያ፣
የአንዲት አሮጊት ድመት ከነሳጥኗ
አንድ በአንድ አቀበለ። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ።
ክንዴን ያዘ። ማዕበሉን አየ፤ እኔን አላየም።
ጀልባዋ ወረደች፤ ጣቱን አነሣ።
ጀልባዋ ወጣች፤
«ኑ!» አለ።

በነሱ ቋንቋ «አሁን» ማለት ነው፤
ይህን ግን ያወቅሁት ማታ ነው።
ያን ጊዜ በራሴ ቋንቋ ሰማሁት፤
ብቻዬን ቆሜ እንደ ብዙ ሰው ተጠራሁ፣
ከኔ ሌላ ማን አለ ብዬ ዞር ስል
ማዕበሉ አለፈኝ።
ሆግኒ የተሳደበ መሰለኝ።
በሁለተኛው ዘለልኩ።

ሱኔቫ ቤት አደርኩ። ግድግዳው በሬንጅ የጠቆረ፣ ጣሪያው ሣር፤
ከበሩ ጀርባ የተጠቀለለ ገመድ ተሰቅሏል።
«የባሌ ነው» አለች፣ የደረቀ ዓሣ በቢላ እየፋቀች።
ፖውል ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በእንቁላል ወራት፣
በዚህ ገመድ ተንጠልጥሎ ገደሉን ወርዷል።
ከላይ ገመዱን ከሚይዙት ስድስት ሰዎች
አንዷ እርሷ ነበረች።
«ከብዶኝ አያውቅም» አለች፤
ጥቂት ቆይታ፣ «ቀሎኝም አያውቅም።»

ገደሉ አልወሰደውም።
በትልቁ ደሴት ሆስፒታል፣ በነጭ አንሶላ፣ ሳል ገደለው፤
በዚችው ጀልባ መጣ።
«እዚህ የሚገባ ሁሉ ይዘላል፤
ቄሱም፣ አዋላጇም፣ ቀረጥ ሰብሳቢውም።
ፖውል ብቻ ሳይዘል ገባ።
ከእጅ ወደ እጅ እስኪቀበሉት ሦስት ማዕበል አሳለፉ።
ሆግኒ ያን ቀን አልጮኸም፤
ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በጆሮው ነው የነገረው።»
ቢላዋን በቀሚሷ ጠርጋ
ዓሣውን ቆርሳ ሰጠችኝ። ጠንካራ ነበር። አላመጥኩት አላመጥኩት።

ነፋስ ተነሣ። ሐሙስ ጀልባ የለም፣ ዓርብም የለም።
ያልታሰበ ቀን ምን ይደረግበታል?
አፋፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ ቁልቁል አየሁ።
ጩኸት፣ የኩስና የዓሣ ሽታ፣
በየእርከኑ ሎምቪጊዎች፣ ጀርባቸው ጥቁር፣ ደረታቸው ነጭ፣
ቅኔ ማሕሌቱ እንደ ጠበባቸው ዲያቆናት ትከሻ ለትከሻ።

ሊመሽ ሲል አንድ ጫጩት ወደ ጫፉ ቀረበ።
ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ክንፉ ገና ክንፍ አልሆነም።
ከታች፣ ከአረፋው መሃል፣ አባቱ ይጠራል።
(እናት አይደለችም፣ አባት ነው፤ ሱኔቫ ነግራኛለች።)
ጫጩቱ ያፈገፍጋል፣ ይቀርባል፣ ያፈገፍጋል፤
እኔም በተኛሁበት እግሬን እሰበስባለሁ።
ድምፁን ፊደል አይዘውም፤
ከጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ ነገር ነው፤
እኔ ግን የሰማሁት ያንኑ ነው።

እንደ ወደቀ ጓንት ተንከባለለ፣
አንድ ጊዜ ዓለት ነካ፣ ነጠረ፣
ውሃው ላይ ነቁጥ ሆነ።
ሌላ ነቁጥ ወደርሱ ቀዘፈ።
አብረው ወደ ክፍቱ ባሕር ሄዱ፣ ዞር ሳይሉ።

ቅዳሜ ጀልባዋ መጣች።
ሱኔቫ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዛ እስከ ደረጃው ወረደች፤
ለኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፣ ለሆግኒ ነው።
ባሕሩ ቂሙን አልጨረሰም፤
ጀልባዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።
ሆግኒ ከወዲያ እጁን ዘርግቶ ማዕበሉን አየ።
እርሱ አፉን ሳይከፍት
እርሷ ከኋላዬ አለችው፣
ቀስ ብላ፣ በጆሮዬ።