ይጠብቃል

ሉብልያና በኅዳር፤ ጭጋግ ወንዟን ደብቆታል፤
የኛን ሰሌዳ ዕጣው ከመጸዳጃው በር ጥሎታል፤
ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።
የፖስተሩን ቱቦ አየር መንገዱ እንደ ግማሽ ሰው አስከፍሎበት፣
ይኸው በስድስት መርፌ ወጥሬው ቆሜያለሁ ከፊት።
ከሚጠይቁኝ ግማሾቹ «ሰው አለበት?» ይላሉ፣
በሩን እያሳዩ።

ላይኛው ፎቅ ትልልቆቹ በትልቁ ይሟገታሉ፣
ማሽን ያስባል፣ የለም፣ አያስብም ይላሉ፤
የኛ ጥያቄ ትንሽ ናት፤ ከፊደልም ታንሳለች፣
ስትነገር ትሰማለች፣ ስትጻፍ ትጠፋለች።

«ጅቡ ይበላል» ብለህ ብትጽፍ፣
ጅቡ እንግዳ ይሁን እራት፣ ወረቀቱ አይለይም፤
አንባቢ ያውቃል፤ በምን እንዳወቀ ግን ራሱም አያውቅም።

ይህን ነበር ማሽን ልናስተምር ሁለት ክረምት የተቀመጥነው፣
ዐሥራ አንድ ሺህ ዓረፍተ ነገር አንድ ባንድ ያነበብነው።
ያነበብነው? እኔ ኮድ ነው የጻፍኩት።
ይትባረክ ነው ጮክ ብሎ የሚለው፤
የጠበቀው ላይ ነጥብ ይጥላል፣ የላላውን ያልፋል፣
መብራት ሲሄድ ድምፁ ብቻ በጨለማው ይቀጥላል፣
በቃሉ የያዘውን።

ጽሑፋችን ያለፈ ዕለት ነጭ ሸሚዝ ገዛ።
ኤምባሲው በሦስተኛ ወሩ በአንድ መስመር መለሰ፦
«ይመለሳሉ ብለን አላመንንም።»
ሸሚዙን እኔ ለብሼዋለሁ፤
እጅጌው ይረዝመኛል እንጂ ሌላው ምንም አይልም።

አንድ ሽበታም ቆሙ፣ ቺዝ በስንጥር ወግተው፤
«ስንት ዓረፍተ ነገር?» አሉ፤ ስነግራቸው «ትንሽ ነው»
ብለው ቺዙን ጎረሱት።
የኩባንያ ከረጢት ያነገተ ጎልማሳ ጎራ አለ፣
«ዳታ ብትጨምሩ ይፈታል» አለ።
አዎ፤ መጨመሪያው ሳሪስ ነው ያለው፣ ፓስፖርቱን ይዞ።

ኔዣ ብቻ ቆየች። ባጅ የምታድል ተማሪ ናት፣
ፈረቃዋ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ቀርቷት፤
ከርእሱ ሥር ስሞቹን በጣቷ ቆጠረች፦
«ሁለት ናችሁ።
በኛ ቋንቋ ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን ግስ አለ፣
አንድም አይደለ፣ ብዙም አይደለ፤
ሦስተኛ ሰው ከመጣ ይፈርሳል።»
«አንዱ ከቀረስ?» አልኳት።
ወለሉን አየች። ይህን መምህሯ ያስተማራት አልመሰለኝም።

ወደ መመዝገቢያው ይዛኝ ወጣች።
ያልተወሰዱ ባጆች ጠረጴዛው ላይ በፊደል ተራ ተሰድረው፦
ሌጎስ፣ ዳካ፣ ካምፓላ፣ ላሆር፤
ማንገቻቸው እንደተጠቀለለ፣ አንዱም አንገት ሳያይ።
«ለባለቤቱ ካልሆነ አይሰጥም» አለችና
ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ጭጋግ ልታይ።
የይትባረክን አነሣሁ።

ከፖስተሩ ጥግ ሰቀልኩት፤ ከስሙ ሥር በእስክሪብቶ
ሁለት ፊደል ጨመርኩ፦
አለ።

ማሽናችንን ላሳያት ካሜራውን ወደ ባጁ አዞርኩ፤
የሁለት ክረምት ልፋታችን ትንሽ አንገራገረና
መልሱን ጻፈ፦ «ላልቶ ይነበባል፤ ማለትም፣ ተናገረ።
እርግጠኛነት፣ ዘጠና አንድ በመቶ።»

«ትክክል ነው?» አለች ኔዣ።
ተሳስቷል ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ያ ጨለማ፣
ያ ድምፅ ትዝ አለኝና፣
ዐሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ያለው ሌላ ማን ሆነና?
ማሽኑ ይትባረክን የሚያውቀው ሲናገር ብቻ ነው።
ዝም አልኩ።

ማምሻውን፣ ሰሌዳዎቹ ሲነቀሉ፣ የባጁን ፎቶ ላኩለት።
ወዲያው መለሰ፣ እንደ ሥራ ቀን፣ ሰላምታ ሳይጨምርበት፦
«ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

«ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩ።
ነጥብ አላደረግኩበትም።