በጣት የሚነበብ

ከኦርታ ሐይቅ ዳር፣ ፔቴናስኮ መንደር፣
ወንዙ ከሚወርድበት ከድንጋዩ ድልድይ ሥር፣
አንድ ሽማግሌ አለ፣ ቶርኖው ፊት ያረጀ፣
የበርበሬ መፍጫ ለዓለም እያበጀ።

ኤርሚኒዮ ይባላል።
በእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ስልሳ ዓመት ኖሯል፤
አሁን ግን ዓይኑ ላይ ጉም መጥቶ ቀርቷል።
የሐይቁማ ጉም ቀትር ሲሆን ይገፈፋል፤
የእርሱ ግን ከቀትርም፣ ከማታም ያልፋል።

አፌን በአማርኛ፣ እጄን ኮምቦልቻ፣
ከአንድ ጋራዥ ፈታሁ፣ በቪቴ በብሎን ብቻ።
እዚህ የመጣሁ ዕለት፣ ቋንቋው ጠፍቶኝ ቆሜ፣
ዕቃውን በጣቴ ልጠቁም አልሜ፣
«ማንድሪኖ» አልኩ እንዲያው፣ ለራሴ በዝግታ፤
ሽማግሌው ዞረ፣ ሣቀ በደስታ።
«ሞርሳ?» አልኩት። «ሞርሳ!»
«ትራፓኖ?» «ቺንጊያ?»
አራት ቃል ሆነልን የቤቱ መግቢያ።
የእኛው አማርኛ ነው ብዬ ያደግሁት ቃል
ለካስ እዚህ መንደር ዘመድ አዝማድ ኖሮታል።

ችግሩ ዕቃው ነበር። መንጋጋው ከጣሳ፣
ቁልፉ ፍቅፋቂ ውስጥ፣ ሲፈለግ ሲረሳ፤
መሮው በየጥጉ ስለቱን አውጥቶ፣
የሽማግሌውን ጣት ሁለት ጊዜ በልቶ።
ልጁ ሮዛልባ መጥታ፣ ቁስሉን ገልጣ አይታ፣
«ይዘጋ ይሄ ቤት!» ብላው ወጣች፣
በሩን ክፍት ትታ።

ቅዳሜ ከሰዓት የወይን ሣጥን ፈታሁ፣
ከትርፍ ኮምፔንሳቶ ሦስት ጣውላ አወጣሁ።
መሮው እንዳይወድቅ ወደ ኋላ አጋደልኩት፣
ከፊቱ በቀጭን ዘንግ፣ እንደ ከንፈር ከበብኩት።
«ስም ልጻፍበት?» ልል፣ አፌን መልሼ ያዝሁ፤
ዓይኔን በጨርቅ አስሬ በጭፍኑ ዳሰስሁ።

ጨለማ ሌላ ነው። የቀረበው ይርቃል።
ክንድ የሚደርስበት፣ እሱ ቤት ይባላል።

ለማንድሪኖው ሰፊ፣ በሆዱ ልክ ጎድጓዳ፣
ለሹሉ ጠባብ፣ ጠለቅ ያለ ቀዳዳ፤
ለመንጋጋው ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጭረት
በጠርዙ ላይ ቀረጽሁ፣ ጥፍር የሚያውቅበት።
ቁልፉን በማግኔት፣ ከማንድሪኖው ጎን፣
ያለ እሱ ማንድሪኖ ብረት ብቻ ስለሚሆን።
ሳህኖቹን ሁሉ፣ በትልቁ ጀምሬ፣
ሰቀልኋቸው ቁልቁል፣ በሚስማር ደርድሬ፤
ሲነኩ፣ ትንሹ ቃጭል፣ ትልቁ ጎርናና፤
ጆሮም ይርዳ አልሁ፣ ጣት ይደክማልና።
አንዱን ግን ተሳሳትሁ። ትራፓኖው ዘለለ፣
ቀጭን ቀዳዳ ቀረ፣ ባለቤት የሌለ።

ሰኞ ጧት ገባ። መብራት አላበራም።
እጁ ጣውላውን ሲያስስ ስለቱን አልፈራም።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጭረት፤ መንጋጋውን አወጣ፤
ቁልፉ ሳይፈለግ ወደ መዳፉ መጣ።
ምንም አላለኝም። ቺንጊያው ብቻ አፏጨ፣
የዋልነት ፍቅፋቂ ጉልበቱ ላይ ተረጨ።

ኋላ ዕቃ ሲመልስ ያቺን ቀዳዳ አገኘ፤
ትንሿ ጣቱ ገባች፣
ቆመ፣ እንደተገኘ።
«ይቺስ የማን ናት?» አለ።
«የኔ ስሕተት ናት» አልኩ፣
ማጣበቂያና ብናኝ ልደፍንባት ፈለግሁ።
«ተዋት» አለኝ። ከጆሮው ጀርባ አውርዶ
እርሳሷን ሰካባት።

መስመሯን ካላየ ሁለት ክረምት ሆኖታል፤
ዛሬም በየጧቱ ቀርጾ ያሾላታል።