ይታያል

ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ይውል ነበር፣
ደረቴን ሲነካኝ የሚቀዘቅዝ ብረት።
ሣጥኑ የማኅበሩ፣ ክፍሉም የማኅበሩ፣
መክፈቱ ግን የኔ፣ የብቻዬ ርስት።
"አንጓች፣ የኔ ሒሳብ?" ሲሉኝ ከታንኳ ወርደው፣
እጃቸው ገና የዓሣ ቅርፊት እንደለበሰ፣
"ይታያል" እላለሁ።
"ይታያል" ማለት በኛ ቢሮ
ዛሬም ነገም አይታይም ማለት ነው።

ስርቆትስ ቢሆን በቀለለኝ።
ከጥር ወዲህ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ጎደለ፤
ደመርሁት፣ ቀነስሁት፣ ሌሊት በሻማ ቆጠርሁት፤
ከደመወዜ ቆንጥሬ እየሞላሁ
አፌን በገዛ እጄ ለጎምሁት።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ነፋስ ቆርቆሮውን አነሣ፣
ጠዋት ሣጥኑን ብከፍት መዝገቡ እንደ ዓሣ
ውኃ ይተፋል።
ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ገጽ በገጽ ገነጠልሁት፣
ደንገል በሚሰጣበት ሜዳ፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
በየወረቀቱ ጠጠር ጭኜ ለፀሐይ ዘረጋሁት።

ሰው ከበበ። የተማረው ላልተማረው ያነባል።
አያ ቢምረው ፊደል አልቆጠሩም፣
ቀኑን የሚይዙት በገመድ ቋጠሮ ነው።
"እስቲ ያችን ድገማት" አሉ፣ የልጁን ትከሻ ይዘው።
"ጥር አሥራ አንድ፣ አምባዛ፣ ሠላሳ ስድስት ኪሎ።"
"በጥምቀት? ታቦት ስናጅብ ማን ባሕር ገባና?
ይኼ የዘጠኙ ነው፣ ሁለቴ ጽፈሽዋል፣ ልጄ።"

ስድስት ወር ያጎበጠኝ በአንድ ትንፋሽ ወረደ።
ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔን በነጠላዬ ይዤ።

እንደ ውኃ ጠራን አልልም።
ጣና ራሱ በክረምት ወተት የገባበት ሻይ ነው፤
ታች ያለውን ድንጋይ የምናውቀው
ውኃው ስለጠራ አይደለም፣
ትናንት የመታው ሰው ዛሬ ለሚቀዝፈው ስለሚናገር ነው።

አሁን መዝገቡ ከሚዛኑ ጎን በሚስማር ተሰቅሏል፣
ተኮማትሯል፣ ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታል።
ሞላልኝ በእርሳስ ያርመኛል፤ ሲሳሳት እንጣላለን፣
ጠዋት ደግሞ አብረን እንደምራለን።
ቁልፉን አንድ ልጅ ለመረቡ ማስመጫ ወሰደው።

"አንጓች፣ የኔ ሒሳብ?" ይሉኛል፣ እንደ ድሮው።
"ይታያል" እላለሁ፣
ወደ ግድግዳው በአገጬ እየጠቆምሁ።